በእርምጃ የለካነው መርካቶ

የባለቤቴ የሰባት ዓመት ተዝካር ሲቃረብ ልጄ ሰናይት ቤት ልታስተካክልልኝ መጣች። ድንኳን ባንጥልም ሰው መምጣቱ አይቀርም፤ ሳሎናችን ደግሞ ጠባብ ናት። ሶፋውን ገፋች፣ ቡፌውን አስጠጋች፣ ከዚያ ጥግ ላይ ዳንቴል ለብሶ የተቀመጠውን አሮጌ ኮምፒውተር እያየች ወገቧን ይዛ ቆመች። «እማዬ፣ ይሄን ለቆራሌ አንሰጠውም? የሁለት ሰው መቀመጫ ይዞ ተቀምጧል እኮ» አለችኝ። እውነቷን ነው። ስክሪኑ ራሱ እንደ ድሮ ቴሌቪዥን ጀርባው ያበጠ ነው። «አንድ ሳምንት ስጪኝ» አልኳት። «ምን ልታደርጊበት?» «የአባትሽ ካርታ ውስጡ አለ።» «እሱን በፍላሽ ልገልብጥልሽ፤ አምስት ደቂቃ አይፈጅም።» ልጄ የማታውቀው፣ ለንስሐ አባቴም ያልነገርኩት ነገር አለ። እዚያ ካርታ ላይ አንድ ቦታ ውሸት ነው። የሳልኩትም እኔ ነኝ። ባለቤቴ ዘለቀ ያንን ውሸት አምኖ ሞተ ብዬ ነው የኖርኩት፤ ስለዚህም ሰባት ዓመት ሙሉ ያንን ፋይል ለመክፈት አልደፈርኩም። አሁን ግን ወይ መክፈት ነው፣ ወይ ለቆራሌ መስጠት።

ከዘለቀ ጋር የተዋወቅነው መንግሥት ተለውጦ ብዙ ሰው ከመሥሪያ ቤቱ የወጣበት፣ ብዙ ሰው ደግሞ ያልለመደውን ሥራ የጀመረበት ሰሞን ነው። እኔ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ከአንድ የጽሕፈት ዕቃ መሸጫ በር ላይ ታይፕራይተሬን ዘርግቼ ማመልከቻ እጽፍ ነበር። ለአንድ ገጽ ብር ከስሙኒ፣ ካርቦን ከገባበት ብር ከሃምሳ። ታክሲ ስልሳ አምስት ሳንቲም ነበር፤ ወያላው መልስ ካጣ ከረሜላ ይሰጥሽና ፊቱን ወደ ውጭ ያዞራል። እኔ ትከሻው ላይ ስፖንጅ የገባበት ሰማያዊ ጃኬት ነበረኝ፣ ከሰልባጅ ተራ የገዛሁት። ቦንዳው ሲፈታ ጠብቀሽ ቀድመሽ ከደረስሽ ጥሩው ላንቺ ነው፤ የብል መድኃኒቱ ሽታ ግን ሦስት ጊዜ ታጥቦም አይለቅም። ዛሬም የሆነ ሰው ቁም ሳጥን ሲከፍት ያ ሽታ ከመጣብኝ እንደገና የሃያ አምስት ዓመት ልጅ ነኝ። ካሴት ቤቶቹ ደግሞ ስፒከራቸውን በር ላይ አውጥተው ይፎካከራሉ። ከአንዱ በር የጀመርሽውን ዘፈን ሳትጨርሺ የሚቀጥለው በር ሌላ ዘፈን ይቀበልሻል፤ ከአብነት ተክለ ሃይማኖት እስክደርስ አሥር ዘፈን ግማሽ ግማሹን ሰምቼ እገባ ነበር። አሁን በዚያ መንገድ ሳልፍ የምሰማው በድምፅ ማጉያ የተቀዳ የዋጋ ጥሪ ነው። የዛሬ ልጆችም ነገ ይናፍቁት ይሆናል፤ እኔ እንጃ።

አንድ የነሐሴ ቀን የተየብኩትን ማመልከቻ ለባለጉዳይ ላደርስ ስሄድ ዝናቡ ሳጥን ተራ ላይ ያዘኝ። ሳጥን ተራ ማለት ያኔ የቆርቆሮ ሳጥን የሚሠራባት ቀጭን መንገድ ነበረች። ለሙሽራ፣ ለወታደር፣ ክፍለ ሀገር ለተመደበ አስተማሪ ሁሉ ሳጥን እዚያ ይታዘዛል፤ አረንጓዴ ቀለም፣ በላዩ ቀይ አበባ። ከጋሼ ሽኩር ሱቅ ቆርቆሮ ስር ተጠለልኩ። ከጎኔ አንድ ቀጭን ሰው የተጠቀለለ ወረቀት ታቅፎ ቆሟል። ቆርቆሮዋ ቀዳዳ ነበረችና ውኃው ልክ ማመልከቻዬ ላይ ይወርዳል። ሰውየው ከራሱ ወረቀት ላይ ላስቲኩን ገፈፈና የኔን ጠቀለለልኝ። የሱ ወረቀት የቤት ፕላን ነበር፤ ቀለሙ ዓይናችን እያየ ወረደ። ጋሼ ሽኩር መዶሻቸውን አስቀምጠው አዩን። «ሁለታችሁም ወረቀት ታቅፋችሁ ትንቀጠቀጣላችሁ። አንድ ሳጥን ግዙና ባንድ ላይ ክተቱት» አሉ። «ገንዘብ ስናገኝ እንገዛለን ጋሼ» አለ ሰውየው። «እንገዛለን!» አሉ ወደ እኔ ዞረው። «ሰማሽ እህቴ? ገና ስምሽን ሳይጠይቅ ያንቺንም ሂሳብ እሱ ይናገራል።» በዓመቱ ሳጥኑን ገዛን። ጋሼ ሽኩር ዋጋ አልቀነሱልንም፤ ይልቅ በክዳኑ ላይ አበባውን ሁለት አደረጉልን።

ዘለቀ ፕላን ነዳፊ ነበር። መሥሪያ ቤቱ ሲታጠፍ ብዕሮቹንና ማስመሪያዎቹን ይዞ ወጣ። ከተጋባን በኋላ እዚያው ተክለ ሃይማኖት አንዲት ሁለት በሦስት የሆነች ሱቅ ተከራይተን ማኅተም መቅረጽና የሠርግ መጥሪያ ካርድ ማዘጋጀት ጀመርን። የካርድ ሥራ ማለት ግማሹ ካርታ ነው። እኛ አገር መንገድ ስም ቢኖረውም የሚያውቀው የለም፤ ቤት ቁጥር ቢኖረውም በር ላይ ተለጥፎ ይቀራል። ስለዚህ ከካርዱ ጀርባ የእጅ መዳፍ የምታህል ካርታ ትሳላለች፤ አስፋልቱ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ወይ መስጊዱ፣ ወፍጮ ቤቱ፣ መታጠፊያው፣ ከዚያ የሙሽራ ቤት የልብ ምልክት ተደርጎበት። ዘለቀ ያንን በቀለም ብዕር ሲስል መስመሩ እንደ ፀጉር የቀጠነ ነበር። ለአንዲት ካርታ ግን ግማሽ ቀን ይፈጃል፤ ሙሽራ ደግሞ ከፋሲካ በኋላ ባንድ ላይ ነው የሚጎርፈው።

ኮምፒውተሩን ያመጣሁት እኔ ነኝ። ዕቁቤ ሲደርሰኝ አንድ ከዱባይ ያገለገለ ዕቃ ከሚያስመጣ ነጋዴ ገዛሁት፤ ሦስት ወር ደግሞ ከሥራ ስወጣ እየሄድኩ ተማርኩ። ዘለቀ አኩርፎ ነበር። «ማሽን ያልሄደበትን መንገድ ምን ብሎ ይስላል?» ይል ነበር። አስተማሪያችን ያሳየን የመሳያ ፕሮግራም ቬክተር የሚሉት ዓይነት ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው። ኮምፒውተሩ የሚያስታውሰው ቀለሙን አይደለም፤ ነጥቦቹን ነው። እዚህ ነጥብ፣ እዚያ ነጥብ፣ በመካከላቸው መስመር፣ መስመሩም እንዲህ ይጉበጥ ብለሽ ታዢዋለሽ። ስለዚህ ሥዕሉን ብታሳንሺውም ብታሰፊውም አይደበዝዝም። አንድ ከሰዓት በኋላ ዘለቀ የሳላትን ካርታ በነጥብ አድርጌ መልሼ ሳልኩና ጠራሁት። «አቅርቢው» አለኝ። አቀረብኩት። «አሁንም።» መስመሩ ስክሪኑን ሁሉ ሞላው፤ ጠርዙ ግን በምላጭ እንደተቆረጠ ነበር። «አይደበዝዝም?» «አይደበዝዝም።» «እስከ ስንት?» «እስከፈለግከው።» ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ሱቃችን ውስጥ የነበረችው ወንበር አንዲት ናትና እኔ ቆሜ ቀረሁ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ኮምፒውተሩ የጋራ ሆነ፤ እንዲያውም ባሏ ማሽኗን የቀማት ሴት ሆንኩ።

ስህተቱን የሠራሁት በሁለተኛው ዓመት ነው። አማኑኤል አካባቢ ላለ ሠርግ የሳልናት ካርታ ከካርዱ ስፋት ስላለፈች ጎኗን ይዤ ወደ ውስጥ ጎተትኳት። ብዙ ስቤ ነው መሰለኝ ከወዲያኛው ጎን አልፋ ተገለበጠች፤ ቀኙ ግራ፣ ግራው ቀኝ ሆነ። ስሞቹን ገና አልጻፍኩም ነበርና የሚያሳብቅብኝ ፊደል አልነበረም። ስሞቹን ጻፍኩ፣ አተምን፣ አስረከብን። ሰኞ ጠዋት የሙሽራዋ አባት ጋሼ ወርቁ ካርዱን በሁለት ጣታቸው አንጠልጥለው ገቡ።

«ይቺን የሳለ ማነው?»

«እኔ ነኝ ጋሼ። ምን ሆነ?»

«ምን ሆነ ትላለች! ከአገር ቤት የመጡ ሃያ ዘመዶቼ ለቅሶ ቤት ዋሉ! ካርታሽ ወደ ግራ ታጠፉ አለቻቸው፣ ታጠፉ። ነጭ ድንኳን አዩ፣ ገቡ። ንፍሮ ቀረበላቸው!»

ዘለቀ ከማኅተሙ ቀና አለ። «ንፍሮውን ሲያዩ አልወጡም?»

«እንዴት አድርገው ነው የሚወጡት? ለቅሶ ቤት ገብቶ ‹ይቅርታ፣ እኛ እንኳ ለሠርግ ነበር› ይባላል? ተቀምጠው አለቀሱ እንጂ! ወንድሜማ ብድግ ብሎ ‹እንደ እሳቸው ያለ አባት ከየት ይገኛል› ብሎ ተናገረ።»

«ደግ አደረጉ» አልኩ።

«ሟቿ ሴት ናት!»

ዘለቀ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ፤ ትከሻው ግን ይርገፈገፋል። ጋሼ ወርቁ አዩት፣ ሊቆጡ አፋቸውን ከፈቱ፣ የወጣው ግን ሳቅ ነው። ሦስታችንም እንባችን እስኪወርድ ሳቅን። ከሄዱ በኋላ ግን እኔ ሳቁ ለቅሶ ሆነብኝ። ዘለቀ አልተቆጣኝም። ተቆጥቶኝ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። «ጥፋቱ የጋራችን ነው» አለ። «ካተምን በኋላ ካርታዋን ይዘን አልሄድንባትም። ከእንግዲህ ካልተረገጠ አይሳልም። እኔ እራመዳለሁ፣ አንቺ ትጽፊያለሽ።»

የሕይወቴ ደጉ ዘመን እንግዲህ ከዚያ ስህተት የመጣ ነው። በየእሁዱ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሱቆች በተዘጉበት ሰዓት መርካቶ ውስጥ እንራመዳለን። መጀመሪያ ለካርዶቹ ነበር፤ ኋላ ዘለቀ መርካቶን በሙሉ ልሳል አለ። «ለማን?» ብለው «ለሚጠፋበት ሰው ሁሉ» አለኝ። ሜትር ይዘን አንወጣም። መርካቶ ውስጥ ሜትር ይዞ የታየ ሰው አፍራሽ ነው ተብሎ ስለሚታሰብ ሁሉም በሩ ላይ ይቆማል። ስለዚህ በእርምጃ እንለካ ነበር። የሱ እርምጃ የታወቀች ናት፤ አስፋልት ላይ በኖራ አስምሮ ደጋግሞ ለክቶ ሰባ አምስት ሳንቲ ሜትር አድርጓታል። ወደ ላይ ሲሄድ አታጥርም፣ ወደ ታች አትረዝምም። የኔ ግን እንደ ጫማዬ ነው፤ እሱ ሁለት ሲረግጥ እኔ ሦስት እረግጣለሁ። እሱ ድምፅ ሳያሰማ በከንፈሩ እየቆጠረ ይሄዳል፣ እኔ ደብተሬን ይዤ እየተንደረደርኩ እከተላለሁ። ሰው ሰላም ሲለው ቁጥሩ እንዳይጠፋበት ጣቱን ያነሳና «አርባ ሰባት!» ብሎኝ ነው እጁን የሚዘረጋው። ስንቱ ሰው ግራ ተጋብቶ «አርባ ሰባት» ብሎ እንደመለሰለት!

ቅመም የሚሸጡ እትዬ ዘሀራ የሚባሉ ሴት አንድ እሁድ ከበራቸው ላይ ሆነው ሲያዩን ቆዩና «ከቀበሌ ናችሁ?» አሉን። «አይደለንም እትዬ፤ ለራሳችን ነው» አላቸው ዘለቀ። «ለራሱ ብሎ መርካቶን የሚለካ ሰው አይቼ አላውቅም። ልትገዙት ነው?» «ልንስለው ነው።» «እንግዲያው የኔን በር ሰፋ አድርጋችሁ ሳሉት።» «በልኩ ነው የምንስለው እትዬ።» «ልኩንማ እኔም አውቀዋለሁ፤ ጠባብ ነው! ለዚህ ነው የምለምንህ።» ዘለቀ አላሰፋላቸውም። ለአንድ ቁም ሳጥን ተራ ነጋዴም፣ ለራሱ ለቤት አከራያችንም አላሰፋም። አንድ ነገር ሲፈርስ ደግሞ ወዲያው ከካርታው ያጠፋዋል። ያቺ የምወዳት የካሴት ቤቶች መስመር ፈርሳ ሕንፃ ሲጀመርባት «ትቆይልኝ» ብዬው ነበር። «አስካለዬ፣ ካርታ መታሰቢያ አይደለም» አለኝ። «ዛሬ የሚሄድ ሰው ነው የሚይዘው።» አጠፋት። እኔ ሁለት ቀን አኮረፍኩት።

ካርታው ዓመታት ፈጀ። በዚያ ፕሮግራም ሌየር የሚሉት ነገር አለ፤ አንዱ ባንዱ ላይ እንደተነባበረ ስስ ወረቀት ማለት ነው። መንገዱን ባንዱ፣ ቤቱን በሌላው፣ ስሙን በሦስተኛው ትስያለሽ፣ የፈለግሽውን ትገልጫለሽ፣ ትሸፍኛለሽ። ሰናይት ተወለደች፣ ትምህርት ቤት ገባች፣ ከሱቃችን ፊት ያለው አስፋልት ሁለት ጊዜ ተቆፈረ፣ የታክሲው ሳንቲም ወደ ብር ዞረ፣ እኛ እየሳልን ነው። ምዕራብ የሚባለው ሰፈር አለቀ፣ ሸማ ተራ አለቀ፣ ቆርቆሮ ተራ አለቀ። ሳጥን ተራን ሆን ብሎ ለመጨረሻ አቆያት። «እሷን ስንጨርስ በትልቁ አትመን ሱቁ ግድግዳ ላይ እንሰቅላለን፤ የምርቃቱንም ለስላሳ ጋሼ ሽኩር ጋር እንጠጣለን» ይል ነበር።

ከዚያ ልቡ ታመመ። መጀመሪያ ዳገት ከበደው፣ ቀጥሎ ሜዳው፣ ቀጥሎ ከአልጋ ወንበር። ኮምፒውተሩን ከሱቅ ወደ ቤት አምጥቼ ከአልጋው አጠገብ አደረግኩለት፤ ለሱቁ ሌላ ገዛን። አንድ እሁድ «አስካለዬ፣ እኔ አልደርስባትም። ሳጥን ተራን አንቺ ሂጂልኝ። በራስሽ እርምጃ ለኪ፤ እዚህ ወደኔ እንለውጠዋለን» አለኝ። ደብተሬን ይዤ ሄድኩ። ሳጥን ተራ አልነበረችም። ዙሪያው በአዲስ ቆርቆሮ ታጥሯል፤ በቀዳዳው አጮልቄ ሳይ ውስጡ ቀይ ጉድጓድ ነው፣ አንድ ቆፋሪ መኪና ጥጉን ይዞ ቆሟል። የጋሼ ሽኩር ሱቅ በየት በኩል እንደነበረ እንኳ መለየት አቃተኝ። ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ቆየሁ። የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ይሄን ይዤ እንዴት ቤት እገባለሁ?

ገባሁ። ትራሱን ተደግፎ በር በሩን ያያል። «ስንት ሆነ?» አለኝ። «አርባ ስምንት» አልኩት። በምን አወጣሁት? እንጃ። «በኔ ሠላሳ ሁለት» አለ ቶሎ ብሎ፣ ዓይኑ እየበራ። «ጋሼ ሽኩርስ?» «ሰላም ብለውሃል።» «ቆርቆሮዋ?» «አለች።» «ቀዳዳዋስ?» «እሷም አለች። እንዲያውም ሰፍታለች።» ሳቀ። እንደዚያ ከሳቀ ወራት ሆኖት ነበር። እኔም አጠገቡ ተቀምጬ ከልቤ አውጥቼ ሳልኳት፤ በሮቹን፣ መታጠፊያዋን፣ የቁልፍ ሻጩን መደብ። በሚቀጥለው እሁድም እንደምለካ ሆኜ ወጣሁ፤ አማኑኤል ቤተ ክርስቲያን ግቢ ተቀምጬ ተመለስኩ። በሚቀጥለውም። በየእሁዱ አንድ ሱቅ፣ አንድ ወሬ እጨምርለታለሁ። መስቀል ካለፈ በኋላ ዘለቀ አረፈ። ያልረገጠውን ስሎ የማያውቅ ሰው፣ በመጨረሻው ሥራው ላይ ሚስቱ የሌለ መንገድ ጨምራለት ሞተ። ጋሼ ሽኩር ለቀብር መጥተው ነበር። እጃቸውን ጨበጥኩ እንጂ ዓይናቸውን አላየሁም።

ሰናይት ከሄደች በኋላ ዳንቴሉን ገፈፍኩ፣ አቧራውን ጠረግኩ፣ ሰካሁት። አይነሳም ብዬ ነበር፤ ተነሳ። ያ ድሮ የማውቀው ጉርምርምታ ቤቱን ሲሞላው አልጋው ላይ ሰው ያለ መሰለኝ። ፋይሉን ከፈትኩ። መርካቶ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀስ እያለ፣ መስመር በመስመር ወጣ። ወደ ሳጥን ተራ አቀረብኩት። አለች፣ እንደሳልኳት። ከዚያ የሌየሮቹን ዝርዝር አየሁ። መንገድ፣ ቤት፣ ስም። ከሥራቸው ደግሞ እኔ ያላበጀሁት አራተኛ ነበር። «የነበረ» ይላል። ሸፈንኩት። ሳጥን ተራ በሙሉ ከስክሪኑ ላይ ጠፋች፤ የሳልኩትን ሁሉ ዘለቀ ወደዚያ አዛውሮት ኖሯል። በቦታዋ በነጠብጣብ መስመር የተከበበ ባዶ አራት ማዕዘን ቀረ። ውስጡ ዘለቀ ሁልጊዜ እንደሚያደርገው በትንሹ ፊደል፣ «ታጥሯል፤ ልኩ ገና አልተወሰደም» ይላል።

የድሮው የልክ ደብተሬ ላይ የጋሼ ሽኩር ስልክ ነበር። ደወልኩ።

«ጋሼ፣ አስካለ ነኝ፤ የዘለቀ።»

«አስካለ! አለሽ? ምነው ድምፅሽ?»

«ዘለቀ ታሞ ሳለ እኔ ሱቅ በዋልኩበት ቤት መጥተው ነበር?»

«ሁለት ጊዜ። ብርቱካን ይዤ። ምነው?»

«መፍረሱን ነገሩት?»

«ወላሂ የሚያውቅ መስሎኝ ነው። ‹ሱቁ ከፈረሰብኝ ወዲህ እግሬ ሥራ ፈቷልና ልጠይቅህ መጣሁ› አልኩት። ደነገጠ። ከዚያ ‹እንዴ፣ እሁድ ዕለት ሰላም ብለውኝ የለም እንዴ?› አለኝ። ነገሩ ገባኝና እኔም ‹አዎ፣ ብዬሃለሁ› አልኩ፤ ልሸፍንልሽ ብዬ። አየኝና ሳቀ። ‹ጋሼ፣ እርስዎ ሳጥን እንጂ ውሸት አይሠሩም› አለኝ።»

«ተቀይሞኝ ነበር?»

«ምን ነካሽ? ‹እንዳይነግሯት› አለኝ እንጂ። ‹ስትነግረኝ ፊቷ እንደዚያን የዝናቡን ቀን ይሆናል። እኔ እሁድን የምጠብቀው እሱን ለማየት ነው› አለኝ። ቃል አስገባኝ። ሰባት ዓመት ቃሌን ጠበቅኩለት፤ አንቺ ራስሽ ጠየቅሽኝ፣ አሁን ምን ላድርግ?»

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ለረዥም ጊዜ አለቀስኩ። የኀዘን ለቅሶ ብቻ አልነበረም። ሰባት ዓመት ሙሉ አታለልኩት ብዬ አንገቴን የደፋሁለት ሰው፣ እያንዳንዷን እሁድ እያወቀ ተቀብሎኛል። «ቀዳዳዋስ?» ሲለኝ እያወቀ ነው። እኔ ለሱ የምዋሽ መስሎኝ ነበር፤ እሱ ለኔ ብሎ ያዳምጠኝ ነበር። ካርታውን ግን ለኔ ብሎ አላበላሸውም፤ ለእትዬ ዘሀራ ያላሰፋው ሰው ለሚስቱም አላሰፋም። የነበረውን በነበረበት፣ ያለውን ባለበት አስቀምጦ፣ ያልጨረሰውን አልጨረስኩም ብሎ ጽፎ ሄደ።

በተዝካሩ ማግሥት እሁድ ነበር። ደብተር ይዤ ወጣሁ። ጉድጓዱ የነበረበት ቦታ ላይ ስድስት ፎቅ ቆሟል፤ ፊቱ ሰማያዊ መስታወት፣ ደረጃው የሚያንሸራትት ድንጋይ። ከአንዱ ጠርዝ ጀምሬ ቆጠርኩ። ከጉልበቴ ጋር እየተከራከርኩ ሰባ ሁለት ሆነ። ጻፍኩት። ከዚያ ወደ ሱ እርምጃ ልለውጠው ብል ልቤ አላመነውም፤ የዛሬ እርምጃዬ የዚያን ጊዜው አይደለም፣ ሦስቱ ሁለት መሆኑ ቀርቷል። ስለዚህ ተመልሼ ጠርዙ ላይ ቆምኩ። ነጠላዬን ሰብሰብ አድርጌ፣ እሱ እንደሚያደርገው ቀና ብዬ፣ እግሬን እሱ እስከሚዘረጋው ድረስ ዘረጋሁ። አሮጌ ካፖርት የለበሰው የሕንፃው ዘበኛ ከወንበሩ ተነስቶ መጣ።

«እናቴ፣ ይወድቁብኛል። ምን ፈልገው ነው? ስንት እንደሆነ ልቁጠርልዎት?»

«አይሆንም ወንድሜ» አልኩት። «ያንተ እርምጃ ሌላ ነው።»

ጎን ጎኔን ቀስ እያለ ተከተለኝ፤ እኔ ድምፅ ሳላሰማ በከንፈሬ እቆጥራለሁ።